ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያለው ኔትወርክ

የቴሌኮም ዜና አገራችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በቁጥር ነው። ይህን ያህል ከተማ 4ጂ ገባለት፣ ይህን ያህል ማማ ተተከለ፣ 5ጂ ደግሞ እገሌ ከተማ ላይ ሥራ ጀመረ ይባላል። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ሥራ እውነተኛ ነው፤ ከ10 ዓመት በፊት ስሪጂ እንኳ ብርቅ በነበረባቸው ከተሞች ዛሬ ሰው በስልኩ ስብሰባ ይካፈላል። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች ስለ አንድ ሰዓት ምንም አይነግሩንም። ሠራተኛው ራቱን በልቶ ስልኩን የሚያነሳበት፣ ልጆች ዩቲዩብና ቲክቶክ የሚከፍቱበት፣ ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች እህት በኢሞ የምትደውልበት ሰዓት አለ። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት በብዙ ሰፈሮች የስልኩ አናት ላይ 4ጂ የሚለው ጽሑፍ አለ፣ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ ቪዲዮው ግን ከመሽከርከር አያልፍም።

የኔትወርክ ማሻሻያ መመዘን ያለበት በዚህ ሰዓት ይመስለኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባዶ ማማ ሥር ቆሞ የተለካ ፍጥነት ለማስታወቂያ ይጠቅማል። ለደንበኛው የሚጠቅመው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈልግ የሚደርሰው ነው። ይህን መለኪያ ከያዝን ገንዘቡ የት መፍሰስ እንዳለበትም ሐሳባችን ይለወጣል።

የመጣንበትን መንገድ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮ ቴሌኮም ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ውል ፈረመ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 4ጂ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር እንዲያስተናግድ የታቀደው 400 ሺህ ደንበኛ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ድርጅቱ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። ግንቦት 2013 ላይ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ተጀመረ፤ በዚያው ወር በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለአዲስ የቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ አሸነፈ፤ ነሐሴ 2014 ላይ ድሬዳዋ ገባ፣ መስከረም 2015 ላይ አዲስ አበባ። የኢትዮ ቴሌኮም 5ጂ ሙከራ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ግንቦት 2014 ነው። በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ የድርጅቱ ደንበኞች 83 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ፍላጎቱን ከሥሩ የነቀነቀው የ2010ሩ የዋጋ ቅናሽ ነው ብዬ አስባለሁ። ሕንድን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ጂዮ የተባለው ኩባንያ 4ጂ ብቻ የሆነ አዲስ ኔትወርክ ይዞ ገብቶ የዳታን ዋጋ ሲያፈርሰው፣ ከዚያ በፊት በወር 1 ጊጋባይት እንኳ የማይጨርሰው የሕንድ ደንበኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ20 ጊጋባይት በላይ መጠቀም ጀመረ። ዋጋ ሲወርድ ሰው በቁጠባ ሲከፍተው የነበረውን ነገር ሁሉ ይለቀዋል። ከጽሑፍ ወደ ፎቶ፣ ከፎቶ ወደ ቪዲዮ ይሻገራል። በዓለም ዙሪያ በሞባይል ኔትወርክ ላይ ከሚጓዘው ዳታ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቪዲዮ ነው፤ የእኛም ምሽት ከዚህ የተለየ አይሆንም። ዋጋ መቀነስ በአንድ ቀን ውሳኔ ይሆናል፤ አቅም መጨመር ግን ዓመታት፣ ዶላርና ጉድጓድ ይፈልጋል።

እስቲ አንድ ማማን ቀረብ ብለን እንየው። አብዛኛው ማማ አንቴናውን ወደ ሦስት አቅጣጫ ያዞራል፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ ሴክተር ይባላል። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ፍሪኩዌንሲ የተሰጠው መደበኛ የ4ጂ ሴክተር በወረቀት ላይ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ያወርዳል። መሬት ላይ ግን ስልኮች የተለያየ ቦታ ነው ያሉት፤ አንዱ ማማው ሥር፣ ሌላው ከኮንክሪት ግድግዳ ጀርባ። የጎረቤት ማማ ሞገድም ይረብሻል። ስለዚህ አማካዩ ወደ 30 ወይም 40 ሜጋቢት ይወርዳል። ጥራት ያለው አንድ ቪዲዮ ከ3 እስከ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሴክተር በአንድ ጊዜ በምቾት የሚያስተናግደው ጥሩ ቪዲዮ የሚያይ ሰው 10 ገደማ ነው። አሁን ይህን ሴክተር ፊቱን ወደ ጀሞ ወይም ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አዙሩት። አንዱ ብሎክ ብቻ ከ20 በላይ አባወራ ይይዛል፤ ብሎኮቹ ደግሞ ተደርድረው ነው የቆሙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሞገዱ ተዳክሞ የሚደርሰው ሰው፣ ለምሳሌ ምድር ቤት በኋላ ክፍል የተቀመጠ፣ ያንኑ ቪዲዮ ለማየት ማማው አጠገብ ካለው ሰው ብዙ እጥፍ የማማውን ጊዜ ይወስዳል። ማማው ለእሱ እየደጋገመና እየቀነሰ ስለሚልክ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ሰፈር ውስጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ሁሉም ቧንቧ አንድ ላይ ተከፍቶ ከላይ ፎቅ ላለው ጠብታ እንደሚሆነው ነው፤ ጄሪካኑን ሌሊት ነቅቶ የሚሞላው ሰውና የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ፊልም የሚያወርደው ወጣት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው።

ታዲያ ማሻሻል ምን ማለት ነው? ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያስቀመጠው ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ በአንድ የሞገድ መስመር የሚያልፈው መረጃ በፍሪኩዌንሲው ስፋትና ምልክቱ ከጩኸቱ በሚበልጥበት መጠን የተገደበ ነው። ማንም አምራች ይህን አልፎ አልሄደም። ስለዚህ መንገዱ ሦስት ብቻ ነው። ተጨማሪ ፍሪኩዌንሲ መስጠት፣ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ማማዎችን አቀራርቦ ደጋግሞ መጠቀም፣ ወይም አንቴናዎችን አብዝቶ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የተለያየ ጨረር መላክ። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የተሻሻለው 4ጂ የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎችን አንድ ላይ አጣምሮ ለአንድ ስልክ የማቅረብ ዘዴ ነው። 5ጂ ደግሞ በ3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ሰፊ ሜዳ ያገኛል፤ 64 ማስተላለፊያና መቀበያ ያለውን አንቴና ተጠቅሞም ጨረሩን ወደየስልኩ ያነጣጥራል። የአንድ ሴክተር አቅም በዚህ ወደ መቶዎች ሜጋቢት ይወጣል።

5ጂን ለሀብታም ስልክ ብቻ የመጣ ቅንጦት አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። በዚህ አልስማማም። ውድ ስልክ የያዙት ብዙውን ጊዜ ብዙ ዳታ የሚበሉት ናቸው፤ እነሱ ወደ 5ጂ ሲዛወሩ 4ጂው ለቀረው ሰው ይለቀቃል። ነገር ግን ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳም ይከብደዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በኋላ ክፍል ያለው ሰው ያለው ተስፋ ዝቅ ያሉት፣ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያሉት ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው፤ እነዚያ ላይ ደግሞ ስፋት የለም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ገበሬና በስሪጂ ስልክ የሚሠራው ደላላም በእነዚሁ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ተቀምጠዋል። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ስሪጂን ዘግተው ፍሪኩዌንሲውን ለአዲሱ ትውልድ አስረከቡ። እኛ ጋ ያንን በቶሎ ማድረግ ብዙ ሰውን ከመስመር ማስወጣት ነው። ይህ ውሳኔ ስልክ የመቀየር አቅም ካለው ሰው ብዛት ጋር እየታየ ቀስ ተብሎ መወሰን ያለበት ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ከስልኩ እስከ ማማው ስላለው አየር ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ግን ከማማው ጀርባ ነው። ማማ ላይ እንደ ከበሮ የሚታዩት ነጫጭ ክቦች ማይክሮዌቭ ናቸው፤ አንዱ ማማ የሰበሰበውን ዳታ ለሌላው፣ ያኛውም ለሚቀጥለው እየተቀባበሉ ፋይበር እስኪደርስ ይወስዱታል። ሦስት ሴክተር ላይ አዲስ አንቴና ሰቅሎ ከጀርባው የድሮውን ጠባብ ማይክሮዌቭ መተው ገንዘብ ማባከን ነው፤ ደንበኛው በስልኩ ላይ አዲሱን ምልክት ያያል፣ ፍጥነቱ ግን የድሮው ነው። የሰንሰለቱ አንዱ ማማ መብራት ሲጠፋበት ደግሞ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይወድቃሉ። በገጠር ከተሞች አንድ ወረዳ ሙሉ በአንድ ጊዜ ኔትወርክ ጠፋበት የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

መድኃኒቱ ፋይበር ነው፤ ፋይበር ደግሞ ቁፋሮ ነው። እስካቫተር የሚቆርጠውና ሌባ መዳብ መስሎት የሚቆርጠው ገመድ ስንት ሰፈር እንደሚያጨልም የጥገና ሠራተኞች ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር ልማቱ መንገዶችን ሲከፍት የመሬት ውስጥ ማስተላለፊያ ቱቦ አብሮ መቅበሩ ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ፈጥሯል። ቱቦው አንዴ ሲቀበር ለሁለቱም ኩባንያዎችና ወደፊት ለሚመጣው ሌላ ባለፈቃድ በተመጣጣኝ ኪራይ ክፍት ሊሆን ይገባል። መንገድ በየጊዜው ለየኩባንያው መቆፈር ለማንም አይበጅም።

የፋይበር ጉዳይ ማማው ላይ አያበቃም። ሀብታም በሚባሉት አገሮች ሰው ቤቱ ሲገባ ስልኩ ወደ ዋይፋይ ይዞራል፤ የምሽቱን ፊልም የሚሸከመው የቤቱ ፋይበር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቋሚ ብሮድባንድ ደንበኞች ከሞባይሉ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ኢንተርኔት የሚከፍተው የቤተሰብ ቴሌቪዥን እንኳ ብዙውን ጊዜ ከአባትየው ስልክ በሆትስፖት ወይም ሲም ካርድ በገባበት ራውተር ነው የሚሠራው። ስለዚህ በሌላ አገር በመሬት ውስጥ የሚሄደው ሸክም እኛ ጋ በአብዛኛው አየር ላይ ወጥቷል። እንደኔ እይታ ለሞባይል ኔትወርክ ሊደረግለት የሚችለው ትልቁ ማሻሻያ ኮንዶሚኒየሞችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በፋይበር ማገናኘት ነው። አንድ ብሎክ ወደ ዋይፋይ ሲዛወር የሚለቀቀው የማማ አቅም አዲስ ሴክተር ከመትከል ጋር የሚወዳደር ነው፤ ፋይበሩ ደግሞ ለሚቀጥሉት 20 እና 30 ዓመታት ያገለግላል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን መሣሪያ ብቻ መቀየር ነው።

መብራቱም አለ። መብራት ሲጠፋ የቤት ዋይፋይ ያለውም ሰው ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል፤ ማማው በባትሪ የሚሠራውም ያኔ ነው። ትልቁ የ5ጂ አንቴና ሥራ ሲበዛበት አንዱ ብቻ ወደ 1 ኪሎዋት ሊጠጋ ይችላል፤ ሦስት ሲሰቀል ለአሮጌው መሣሪያ ተሰልቶ የተቀመጠው ባትሪ ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ አንቴናው ሲቀየር ባትሪው አብሮ ካልተቀየረ ማሻሻያው መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይመልሰናል። ነዳጅ በጄሪካን ተጭኖ በሚደርስባቸው ሩቅ ቦታዎች ሶላርና ሊቲየም ባትሪ ከጄኔሬተር የተሻለ ምርጫ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዶላር ግን ከባድ ነው።

ፍላጎት ሲባል ብዛት ብቻ እንዳይመስለን አንድ ማደያ ጎራ እንበል። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ሆኗል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል፤ ቀጂው አጠገቡ ቆሞ የራሱን ስልክ ያያል። መልእክቱ ካልገባለት አፈሙዙን አያነሳም። ሹፌሩ መተግበሪያው እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረው ትቶት *127# ይደውላል፤ ይህ የድሮ መስመር ከዳታው በተለየ መንገድ ስለሚሄድ አንዳንዴ ይሻላል። ከኋላ ጥሩንባ ይጮኻል። የዚህ ክፍያ መረጃ መጠኑ ከአንድ ፎቶ እንኳ ያንሳል፤ ግን ከመቶ ሰው ቪዲዮ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ኔትወርክ ክፍያን፣ የአምቡላንስ ጥሪንና የሆስፒታል መልእክትን አስቀድሞ የማሳለፍ ችሎታ አለው። መንግሥት ነዳጅን፣ የፋይዳ መታወቂያንና የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወደ ኔትወርክ ካስገባ፣ እነዚህ በሥራ ብዛት ሰዓት እንዳይወድቁ የሚያስገድድ ደንብ አብሮ ማውጣት ነበረበት። የትኛው አገልግሎት ይቅደም የሚለውን ለኩባንያዎቹ የንግድ ስሌት መተው ግን አደጋ አለው፤ የሚቀድሙት ጥቂትና በይፋ የታወቁ ይሁኑ።

ገንዘቡ የሚመጣው ከየት ነው የሚለውን ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ደንበኛው በብር ይከፍላል፤ አንቴናው፣ ባትሪውና ሶፍትዌሩ ግን በዶላር ነው የሚገዛው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያው አንቴና በብር ሲሰላ ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ገና ማማ እየተከለ፣ ገና ደንበኛ እየሰበሰበ ባለበት ጊዜ ይህ ምት ቀላል አልነበረም፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ከዚህ ነፃ አይደለም። ታሪፍ ይጨመር ቢባል ደሞዙ ያልጨመረው ሰው ዳታውን ይቀንሳል። አይጨመር ቢባል የምሽቱ ሰልፍ ይረዝማል። በመሃል የሚቀረው እውነተኛ ቁጠባ ማማ መጋራት ነው። አንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ማማ፣ ሁለት ጄኔሬተርና ሁለት ጥበቃ ማቆም በድሀ አገር አቅም የማይቻል ብክነት ነው፤ በገጠር ደግሞ አንቴናውን ራሱን እስከመጋራት ቢኬድ እደግፋለሁ።

ሌላው የማይዘነጋ ነገር ስልኩ ነው። ጂኤስኤምኤ የተባለው የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር ባወጣው ስሌት፣ ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 የሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሰው 27 በመቶ ነበር። 13 በመቶው ኔትወርኩ ያልደረሰበት ነው። ቀሪው 60 በመቶ ደግሞ ኔትወርኩ ደርሶት የማይጠቀም ነው። ይህን ያህል ሰው ከማማው ሥር ሆኖ የተቀመጠው በዋናነት ስማርት ስልክ ስለሚወደድበት፣ ማንበብና መጠቀም ስለሚቸግረው ወይም በቋንቋው የሚጠቅመው ነገር ስለሌለው ነው። ሰውየው ነገ ስልክ ሲያገኝ የዛሬው የምሽት ጭነት ስንት እጥፍ እንደሚሆን ዕቅድ አውጪዎቹ ከአሁኑ ሊያስቡት ይገባል። የቀረጥ ቅናሽም ሆነ በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅ የስልክ ሽያጭ ከማማው ግንባታ ጋር አንድ ላይ ካልታቀደ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

አቅም ስለማሳደግ እየተነጋገርን ስለመዝጋት ዝም ማለት ደግሞ ለእኔ አይሆንልኝም። ትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከግንኙነት ተቆርጣ ቆይታለች። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታ ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። ነጋዴው ሒሳቡን፣ ተማሪው ትምህርቱን፣ እናት ከልጇ ጋር የነበራትን መስመር አጥተዋል። በግጭት የፈረሰ ማማ መልሶ ለመትከል ጥገና ሠራተኛው በሰላም መድረስ አለበት፤ በትእዛዝ የተዘጋ ኔትወርክ ግን የሚፈልገው ውሳኔ ብቻ ነው። ንግዱን በቴሌብርና በኤምፔሳ ላይ ያቋቋመ ሰው መስመሩ በማንኛውም ቀን ሊዘጋ እንደሚችል ካወቀ ጥሬ ገንዘብ ትራሱ ሥር ማስቀመጡን አይተውም።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየወሩ፣ በየወረዳው፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የአንድ ተራ ደንበኛ ፍጥነት ስንት እንደነበር፣ ስንት ሴክተር እንደተጨናነቀ፣ ማማዎች ስንት ሰዓት ጠፍተው እንደዋሉ በአደባባይ ይውጣ። አማካይ ብቻ አይበቃም፤ አማካይ የቦሌን ፍጥነት ከዳር ሰፈር ችግር ጋር ደባልቆ ሁለቱንም ይደብቃል። ከአሥር ደንበኞች መጨረሻ ላይ ያለው ስንት አገኘ የሚለው ይጻፍ። ይህን ለማወቅ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የሞባይል ኔትወርክ የእያንዳንዱን ሴክተር ጭነት በየደቂቃዎች ልዩነት እየመዘገበ ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ የሚልክ ሥርዓት ነው፤ መሐንዲሶቹ ዛሬ ማታ የትኛው ሰፈር እንደተጨናነቀ በስክሪናቸው ላይ ያዩታል። ለመጀመር አዲስ አበባና ድሬዳዋ ይበቃሉ።